የአጥንት መሳሳት እና የደም ምርመራ፦ የላብራቶሪ ወረቀትሽ ምን ይላል፣ ምን አይልም?

አረብ አገር ለጥቂት ዓመታት ሰርታ «አጥንቴን ያመኛል» ያላለች ጥቂት ናት። ወገብ፣ ጉልበት፣ ትከሻ፣ አንዳንዴ ደግሞ መላ ሰውነት። ክሊኒክ ትሄጃለሽ፣ ደም ይወሰዳል፣ «ቫይታሚን ዲ አንሶሻል» ትባያለሽ፣ ኪኒን ይዘሽ ትመለሻለሽ። ከዚያ በኋላ አንዷ «አጥንቴ ሳስቷል ማለት ነው» ብላ ትሸበራለች። ሌላዋ ደግሞ «ደሜ ደህና ነው ተብያለሁ» ብላ ትዘናጋለች። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ይሄንን ያዢ፦ የደም ምርመራ አጥንትሽ መሳሳቱን ወይም አለመሳሳቱን አይናገርም። ያንን የሚለካው ዴክሳ የሚባል ልዩ ራጅ ነው። የደም ምርመራ የሚመልሰው ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችን ነው። አጥንትሽ የሳሳው ለምንድነው? የታዘዘልሽን መድኃኒት ሰውነትሽ ይችለዋል ወይ? የጀመርሽው ሕክምናስ እየሰራ ነው? የትኛው ወረቀት የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ካወቅሽ ገንዘብሽም ጤናሽም አይባክንም።

መሳሳት እና መለስለስ አንድ አይደሉም

የአጥንት መሳሳት፣ ሐኪሞች ኦስቲዮፖሮሲስ የሚሉት፣ አጥንት መጠኑና ጥንካሬው ሲቀንስ ነው። በአረብኛ «ሀሻሸት አል-ኢዛም» ይሉታል። የዚህ በሽታ ክፋቱ አለማመሙ ነው። አጥንቱ እስኪሰበር ድረስ ምንም ላይሰማሽ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት የእጅ አንጓ፣ የጀርባ አጥንት እና ዳሌ ናቸው። በአብዛኛው የሚያጠቃውም የወር አበባቸው ያረጠ ሴቶችን ነው።

የአጥንት መለስለስ፣ ኦስቲዮማላሲያ የሚባለው፣ ሌላ ነው። እዚህ አጥንቱ አለ፣ ግን የሚያጠነክረው ካልሲየም በደንብ አልገባበትም። ዋናው ምክንያት ከባድና የቆየ የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። ይሄኛው ያማል። ዳሌና ጭን ይከብዳል፣ ደረጃ መውጣት ያስቸግራል፣ ከወለል ስትነሺ እጅሽን ካልተደገፍሽ አልነሳ ይልሻል፣ የጎን አጥንትና ቅልጥም ሲነኩት ያማል። በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነሽ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ እየዋልሽ እንዲህ ካመመሽ ከመሳሳት ይልቅ መለስለስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ደስ የሚለው፣ መለስለስ በትክክል ከታከመ በአብዛኛው ይድናል።

የባህረ ሰላጤው አገሮች ፀሐያቸው የሚያቃጥል ሆኖ ሳለ የቫይታሚን ዲ እጥረት የተለመደባቸው ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሙቀቱ ሰውን ቤት ያስገባል፣ ልብሱ ቆዳን ይሸፍናል። የቤት ሠራተኛ ከሆንሽ ደግሞ ለቀናት ደጅ ላትወጪ ትችያለሽ። ጠቆር ያለ ቆዳ ከፀሐይ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በመስኮት የሚገባ ፀሐይም አይቆጠርም፤ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። መስኮት ስትወለውዪ ፊትሽ ላይ የሚያርፈው ፀሐይ ያሞቅሻል እንጂ ለአጥንትሽ አይደርስም።

ዴክሳ፦ አጥንትን የሚለካው ምርመራ

ዴክሳ ላይ ልብስሽን ለብሰሽ፣ ብረት ያለበትን ብቻ አውልቀሽ፣ አልጋ ላይ ትተኛለሽ። ማሽኑ ወገብሽንና ዳሌሽን ያነሳል። መርፌ የለውም፣ አያምም፣ ጨረሩም በጣም ትንሽ ነው። ውጤቱ በቁጥር ይመጣል።

የወር አበባሽ አርጦ ከሆነ የሚታየው ቲ-ስኮር የሚባለው ነው። ከ-1 በላይ ደህና ነው። በ-1 እና በ-2.5 መካከል ከሆነ አጥንቱ መቀነስ ጀምሯል። -2.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የአጥንት መሳሳት ይባላል።

ገና የወር አበባ የምታዪ ወጣት ከሆንሽ ግን የሚታየው ዚ-ስኮር ነው። እሱ በዕድሜሽ ካሉት ሴቶች ጋር ያነጻጽርሻል። -2 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ «ለዕድሜዋ ከሚጠበቀው በታች» ይባላል፣ ምክንያቱም ይፈለጋል። ስለዚህ የ28 ዓመት ሴት በቲ-ስኮር ብቻ «አጥንትሽ ሳስቷል» ከተባለች «ዚ-ስኮሬ ስንት ነው?» ብላ መጠየቅ አለባት።

ሞል ውስጥ ወይም ፋርማሲ በር ላይ ተረከዝሽን ብቻ ለክቶ ውጤት የሚሰጥ ትንሽ ማሽን ልታገኚ ትችያለሽ። እሱ ጥቆማ ሊሰጥ ይችላል እንጂ ዴክሳን አይተካም። በእሱ ውጤት ብቻ መድኃኒት አትጀምሪ።

ታዲያ ደም ለምን ይመረመራል?

ነገሩን በገንዘብ እናስበው። ደምሽ ውስጥ ያለው ካልሲየም በቦርሳሽ እንዳለ የዕለት ብር ነው። አጥንትሽ ደግሞ ባንክ ነው። ልብሽ እንዲመታ፣ ጡንቻሽ እንዲሠራ ቦርሳው ባዶ መሆን የለበትም። ስለዚህ ከምግብ የሚገባው ሲያንስ ሰውነት ከባንክ ያወጣል። ገንዘብ አውጪው አንገት ላይ ካሉት ትናንሽ ዕጢዎች የሚመነጨው ፓራታይሮይድ ሆርሞን ነው። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ካልሲየም ከምግብ ወደ ደም እንዲገባ በሩን ይከፍታል።

ከዚህ የምትረጂው ቦርሳው ሞልቶ ባንኩ ሊራቆት እንደሚችል ነው። «ካልሲየምሽ ኖርማል ነው» መባል አጥንትሽ ደህና ነው ማለት አይደለም። ሐኪሙ ብዙ ምርመራ በአንድ ላይ የሚያዘውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ቁጥር ብቻውን ታሪኩን አይነግርም።

ምርመራዎቹ አንድ በአንድ

መደበኛው ክልል ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ትንሽ ይለያያል። ከታች ያሉት የተለመዱት ናቸው። ወረቀትሽ ላይ ከውጤቱ ጎን የተጻፈውን ክልል ሁልጊዜ እዪ።

*ቫይታሚን ዲ።* ትክክለኛው ምርመራ 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ይባላል። በናኖግራም ሲለካ ከ20 በታች እጥረት ነው። ከ20 እስከ 30 ያለውን ብዙ ሐኪሞች «በቂ ያልሆነ» ይሉታል። ከ10 ወይም ከ12 በታች ሲሆን አጥንት የመለስለስ አደጋ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አንዳንድ ላብራቶሪ በናኖግራም ሌላው በናኖሞል ይጽፋል። አንድ ናኖግራም 2.5 ናኖሞል ነው። ስለዚህ 50 ናኖሞል ማለት 20 ናኖግራም ብቻ ነው። አምና 18 የነበረው ዘንድሮ ሌላ አገር 45 ሆኖ ብታዪ ደስ ከማለትሽ በፊት መለኪያውን አረጋግጪ፤ ያው ቁጥር ሊሆን ይችላል።

*ካልሲየም።* በግምት ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም በዴሲ ሊትር ነው፤ በሚሞል ከተጻፈ ከ2.1 እስከ 2.6። ካልሲየም በደም ውስጥ አልቡሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ስለሚጓዝ አልቡሚን ዝቅ ካለ ካልሲየሙም ዝቅ ያለ ይመስላል። ሁለቱ አብረው ይታያሉ።

*ፎስፌት።* ከ2.5 እስከ 4.5 ሚሊግራም። ዝቅ ማለቱ የአጥንት መለስለስን ያጠራጥራል።

*አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ በአጭሩ ኤኤልፒ።* አጥንት በብዛት ሲሠራ ከፍ ይላል። በመለስለስ ጊዜ፣ የተሰበረ አጥንት ሲጠግን እና በእርግዝና ጊዜ ይጨምራል። የጉበት ችግርም ከፍ ያደርገዋል፤ ለዚህ ነው የጉበት ምርመራ አብሮ የሚታዘዘው።

*ፓራታይሮይድ ሆርሞን፣ በአጭሩ ፒቲኤች።* የተለመደው ከ15 እስከ 65 ፒኮግራም አካባቢ ነው። ከፍ ካለ ከባንኩ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ለምን እንደሚወጣ ከካልሲየምና ከቫይታሚን ዲ ጋር አስተያይቶ ሐኪሙ ይለያል።

*ኩላሊት፦ ክሬአቲኒን እና ኢጂኤፍአር።* ኩላሊት የደከመ ከሆነ አንዳንድ የአጥንት መድኃኒቶች አይሰጡም። ያለዚህ ምርመራ መድኃኒት መጀመር የለበትም።

*ታይሮይድ፦ ቲኤስኤች።* ታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ አጥንት ይሟጠጣል። ታይሮክሲን ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ መጠኑ ከበዛም ያው ነው። አገር ቤት እያለሽ ለእንቅርት የታዘዘልሽን ኪኒን ለዓመታት ሳትመረመሪ እየወሰድሽ ከሆነ ይሄንን አትለፊው።

*ሙሉ የደም ቆጠራ።* የደም ማነስን ያሳያል። የማይድን የብረት እጥረት ካለ አንጀት ምግብ የማይቀበልበት ሴሊያክ የሚባል በሽታ ይፈለጋል፤ እሱም አጥንትን ያሳሳል። ዕድሜዋ ገፋ ላለችና ያለ በቂ ምክንያት አጥንቷ ለተሰበረ ሴት ደግሞ የደም ፕሮቲን ምርመራ ይጨመራል፤ የአጥንት መቅኔ ካንሰር አለመኖሩን ለማወቅ ነው።

*የሴት ሆርሞኖች።* ዕድሜሽ ገና ሆኖ የወር አበባሽ ለወራት ከቀረ ኤፍኤስኤች፣ ኤስትሮጅን እና ፕሮላክቲን ይታያሉ። ጭንቀት፣ ምግብ መቀነስ እና ክብደት መውረድ የወር አበባን ሊያስቀሩ ይችላሉ። «ቀረልኝ፣ ተገላገልኩ» የሚባል ነገር አይደለም፤ ኤስትሮጅን ሲጠፋ አጥንትም ይቀንሳል።

*የአጥንት ለውጥ ጠቋሚዎች።* ሲቲኤክስ አጥንት ምን ያህል እየፈረሰ እንደሆነ፣ ፒ1ኤንፒ ደግሞ ምን ያህል እየተሠራ እንደሆነ ያሳያሉ። በሽታውን ለመለየት አይደሉም። ሕክምና ከመጀመሩ በፊት እና ከ3 እስከ 6 ወር በኋላ ተለክተው መድኃኒቱ መሥራቱን ለማየት ነው። ዋጋቸውም ከሌሎቹ ይወደዳል። ገና ምንም ሳይታወቅ በመጀመሪያው ቀን ከታዘዙልሽ «ለምን አስፈለገ?» ብለሽ ጠይቂ።

ሦስት ወረቀት አብረን እናንብብ

*አንደኛ።* የ29 ዓመት ሴት እንበል። ቫይታሚን ዲ 7 ናኖግራም፣ ካልሲየም 8.3፣ ፎስፌት 2.2፣ ኤኤልፒ ከፍ ያለ፣ ፒቲኤች 130። ደረጃ መውጣት ያቅታታል። ይሄ የአጥንት መለስለስን ይመስላል። የሚያስፈልጋት ቫይታሚን ዲ እና ካልሲየም በትክክለኛ መጠን ነው። ዴክሳ ብትነሳ አጥንቷ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን የመሳሳት መድኃኒት አሁን ቢሰጣት ካልሲየሟ የባሰ ሊወርድ ይችላል። እጥረቱ አስቀድሞ መታከም አለበት።

*ሁለተኛ።* የ54 ዓመት ሴት፣ የወር አበባዋ ካረጠ 6 ዓመት ሆኗታል። የደም ምርመራዋ በሙሉ ደህና ነው። ግን በቆመችበት ተደናቅፋ ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ፣ ዴክሳዋ -2.8 ነው። ይሄ የአጥንት መሳሳት ነው። የደሙ ደህና መሆን በሽታ የለም ማለት ሳይሆን ሌላ የተደበቀ ምክንያት አልተገኘም፣ መድኃኒቱንም ልትወስድ ትችላለች ማለት ነው።

*ሦስተኛ።* የ41 ዓመት ሴት፦ ካልሲየም 11.3፣ ፒቲኤች 105፣ ቫይታሚን ዲ 16። ብዙ ይጠማታል፣ የኩላሊት ጠጠርም ነበረባት። እዚህ ላይ ዕጢው ራሱ ከመጠን በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ቫይታሚኑ አነሰ ተብሎ ከፋርማሲ ከፍተኛ መጠንና ካልሲየም ገዝቶ መዋጥ ሊጎዳት ይችላል። የሆርሞን ሐኪም ማየት አለባት። ሦስቱም ወረቀቶች ላይ «ቫይታሚን ዲ» የሚለው መስመር ብቻ ቢነበብ ኖሮ የሁለቱ ሴቶች ችግር ባልታወቀ ነበር።

ደም ከመስጠትሽ በፊት

- ለሲቲኤክስ ከሌሊቱ ጀምሮ ምግብ ሳትበዪ ጠዋት በማለዳ ሂጂ። ውኃ ጠጪ። ለቫይታሚን ዲ ብቻ ከሆነ መጾም አያስፈልግም።
- የካልሲየም ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ በዚያ ጠዋት አትውሰጂ፤ ደሙ ከተወሰደ በኋላ ውሰጂው።
- ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የፒቲኤች፣ የታይሮይድ እና የቫይታሚን ዲ ውጤትን ሊያዛባ ይችላል። ቢያንስ 2 ቀን ቀድመሽ አቁሚ፣ መጠኑ ከፍተኛ ከሆነ ለላብራቶሪው ንገሪ።
- የምትወስጂውን ሁሉ ተናገሪ። የሚጥል በሽታ ኪኒን፣ ለዓመታት የቆየ የጨጓራ ኦሜፕራዞል፣ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ። መርፌው እየተወሰደ እያለ የአጥንት ጥግግትን ይቀንሳል፤ ሲቆም አብዛኛው ይመለሳል። በድንጋጤ አታቋርጪው፤ ከ2 ዓመት በላይ ከወሰድሽ ግን ስለ ሌላ አማራጭ ሐኪም አማክሪ።
- ለማወፈር ተብሎ የሚሸጥ ኪኒን እና ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞንን የመሰለ ስቴሮይድ አለበት። ስቴሮይድ አጥንትን ከሚያሳሱ ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው። ለሐኪሙ ለመናገር አትፈሪ። ለረጅም ጊዜ ወስደሽው ከነበረ በድንገት ማቆምም አደጋ ስላለው በሐኪም ምክር ቀስ እያልሽ አቁሚ።
- እርግዝና ከጠረጠርሽ ዴክሳውን አዘግዪው። ራጁ የአንድ ቀን አስቸኳይ ጉዳይ አይደለም።

ማዳም አብራሽ ከገባች ስለ ወር አበባና ስለ ወሊድ መከላከያ መናገር ሊያስቸግርሽ ይችላል። ከሐኪሙ ጋር ብቻሽን መነጋገር እንደምትፈልጊ ለነርሷ ቀድመሽ መንገር ትችያለሽ።

አንድ ሌላ ፍርሃትም አለ። ብዙ እህቶች «ደም ከሰጠሁ ይመልሱኛል» ብለው ከምርመራ ይሸሻሉ። ለመኖሪያ ፈቃድ የሚደረገው ሜዲካል በዋናነት እንደ ቲቢ፣ ኤች አይ ቪ እና የጉበት ቫይረስ ያሉ ተላላፊ በሽታዎችን ይፈልጋል። የቫይታሚን ዲ ወይም የካልሲየም ምርመራ ከዚያ የተለየ ነው። በዚያው ልክ «ሜዲካሌን አልፌያለሁ» ማለት አጥንትሽ ተመርምሯል ማለት አይደለም።

መድኃኒት ስትጀምሪ

ለአጥንት መሳሳት በብዛት የሚታዘዘው አሌንድሮኔት ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን 70 ሚሊግራም። በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጣል፤ ከዚያ ለ30 ደቂቃ ሳትተኚ፣ ምንም ሳትበዪ ትቆያለሽ። ካልሆነ ጉሮሮን ያቆስላል። ረመዳን ላይ ከሱሁር ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀደም ብለሽ መውሰድ ትችያለሽ። ከመጀመርሽ በፊት ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ እና ኩላሊት መታየት አለባቸው። ነፍሰ ጡር ለሆነች ወይም ለመውለድ ለምታስብ ሴት በቀላሉ የሚታዘዝ መድኃኒት አይደለም።

ዴኖሱማብ የሚባለው መርፌ በየ6 ወሩ ይሰጣል። ለስደተኛ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ከተጀመረ በኋላ ዝም ብሎ ማቋረጥ አጥንቱን በፍጥነት ያሳሳል፤ ጀርባ ላይ ብዙ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ኮንትራትሽ ሊያልቅ 5 ወር ቀርቶት ይሄ መርፌ ከታዘዘልሽ ለሐኪሙ «ልሄድ ነው» በዪው። ወደምትሄጂበት መርፌው መገኘቱን ሳታረጋግጪ አትጀምሪው። ጀምረሽ ከሆነ ደግሞ ከመሄድሽ በፊት በምን እንደሚተካ በጽሑፍ ተቀበዪ።

ቫይታሚን ዲን ያለ ልክ አትውሰጂ

50,000 ዩኒት የሆነው ኪኒን በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚዋጠው፤ በአብዛኛው ለ8 ሳምንት፣ አንዳንዴ እስከ 12። ከዚያ ወደ ትንሽ የዕለት መጠን ይወረዳል። በየቀኑ መስሏቸው የዋጡ ሰዎች ይመረዛሉ። ማቅለሽለሽ፣ ጥም፣ ብዙ ሽንት፣ የሆድ ድርቀት፣ መደናገር ከመጣ ኪኒኑን አቁመሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከፋርማሲ ስትወጪ «በቀን ነው በሳምንት?» ብለሽ ጠይቂና ካርቶኑ ላይ በአማርኛ ጻፊበት።

ድጋሚ ምርመራ ከ3 ወር ገደማ በኋላ ይበቃል። በየሳምንቱ መለካት ገንዘብ ማባከን ነው። ሕክምናው ቢሠራም ሕመሙ በአንድ ሳምንት አይጠፋም፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ከኪኒኑ ጎን ምግቡም ይታሰብ። ከ19 እስከ 50 ዓመት ያለች ሴት በቀን 1,000 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ የሆነች 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም ለበን ወደ 300 ገደማ ይሰጣል። በጾም ወራት ወተት ለማትነኪ ሰሊጥና ጣሂና፣ ጎመን፣ ሽምብራ እና የጤፍ እንጀራ ያግዛሉ። ልብስ ልታሰጪ ጣራ ላይ ስትወጪ ሙቀቱ ባልበረታበት ሰዓት እጅጌሽን ሰብስበሽ ትንሽ ቆዪ። እጥረቱ ከባድ ከሆነ ግን ምግብና ፀሐይ ብቻቸውን አይበቁም።

ማን ይመርመር?

ሁሉም ሰው መመርመር የለበትም። ከሚከተሉት አንዱ ካለብሽ ግን ሐኪም አማክሪ፦

- ከቆምሽበት ወድቀሽ ብቻ አጥንት ከተሰበረ
- የወር አበባሽ ያለ እርግዝናና ያለ መከላከያ ለ6 ወር ከቀረ፣ ወይም ከ45 ዓመት በፊት ካረጠ
- ፕሬድኒሶሎን ወይም ሌላ ስቴሮይድ ለ3 ወርና ከዚያ በላይ ከወሰድሽ
- ቁመትሽ ካጠረ ወይም ጀርባሽ መጉበጥ ከጀመረ
- ከመቀመጫ መነሳትና ደረጃ መውጣት ካቃተሽ
- እናትሽ ወይም አባትሽ ዳሌ ተሰብረው ከነበረ፣ አንቺም ካረጥሽ
- ታይሮይድ፣ ኩላሊት ወይም የአንጀት በሽታ ካለብሽ

ዕቃ ስታነሺ ጀርባሽን ድንገት ከፍሎ ካመመሽ፣ ወድቀሽ እግርሽን መርገጥ ካቃተሽ፣ እግርሽ ከደነዘዘ ወይም ሽንትሽን መቆጣጠር ካልቻልሽ የደም ምርመራ አትጠብቂ፤ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ከንፈርና ጣት መደንዘዝ፣ የእጅ መኮማተርና መንቀጥቀጥም የካልሲየም ከባድ መውረድ ምልክት ስለሆነ ዛሬውኑ መታየት አለበት።

ወረቀቱ የአንቺ ነው

ቤት ትቀይሪያለሽ፣ አገር ትቀይሪያለሽ፣ ስልክ ይጠፋል። የአጥንት ሕክምና ግን ዓመታት የሚወስድ ነው፤ የዛሬው ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ውጤት ፎቶ አንሺና አገር ቤት ለምታምኚው ሰው ላኪ። ቀኑ፣ የላብራቶሪው ስም፣ መለኪያው እና መደበኛው ክልል አብረው መታየታቸውን አረጋግጪ። ዴክሳ ከሆነ ከተቻለ በዚያው ማሽን ድገሚው፤ የተለያዩ ማሽኖችን ቁጥር ማነጻጸር አስቸጋሪ ነው። ኢንሹራንስ ካለሽ ከመመርመርሽ በፊት የትኛውን እንደሚሸፍን ጠይቂ፤ አንዳንዱ ቫይታሚን ዲን ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አይከፍልም። ከኪስሽ የምትከፍዪና ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ ሐኪሙን «ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ይቅደም?» በዪው። ለወጣትና አጥንቷን ለሚያማት ሴት ብዙውን ጊዜ የሚቀድሙት ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ ኤኤልፒ፣ ክሬአቲኒን እና ቫይታሚን ዲ ናቸው።

ክሊኒክ ስትሄጂ የሚጠቅሙ አረብኛዎች

- አጥንቴን ያመኛል፦ ዐዝሚ ዩጅዕኒ
- የደም ምርመራ፦ ታህሊል ደም
- ምግብ አልበላሁም፣ ጾመኛ ነኝ፦ አና ሳይማ
- የውጤቱን ቅጂ እፈልጋለሁ፦ አብጋ ኑስኻ ሚነ ነቲጃ (ሳዑዲ)፣ ቢዲ ኑስኻ ሚነ ነቲጃ (ሊባኖስና ዮርዳኖስ)
- በቀን ነው በሳምንት?፦ ኩል ዮም ወላ ኩል ኡስቡዕ?

ይህ ጽሑፍ ሐኪምን አይተካም። ሐኪም ፊት ስትቀመጪ ግን ሦስቱን ጥያቄዎች ይዘሽ ግቢ፦ ይሄ ምርመራ ምክንያቱን ለማወቅ ነው? ለመድኃኒቱ ደህንነት ነው? ወይስ ሕክምናው መሥራቱን ለማየት? ከሦስቱ ለአንዱም መልስ ከሌለው ምርመራው ዛሬ ላያስፈልግሽ ይችላል። አብራሽ ለምትሠራ፣ «አጥንቴን» እያለች ለምትውል እህትሽም ይሄንን አስነብቢያት።